የባንዲራዋ ጆሮ

ልጅቷ ገመዱን ስባ ባንዲራውን ግማሽ ካደረሰች በኋላ ቀና ስትል ክው አለች። ባንዲራው ተገልብጧል። ከላይ መዋል ያለበት ቀለም ከታች ሆኖ በጠዋቱ ነፋስ ይዘረጋል።

መዝሙሩ ተጀምሯል። ስምንት መቶ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከፊት ከትምህርት ቢሮ የመጡ ሦስት እንግዶች አሉ፤ ከጎናቸው ርእሰ መምህሯ። የሁሉም ዓይን ወደ ላይ ነው።

ታቁመው? ማቆምም አይቻልም። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አባባ ገመድ የባንዲራ ቡድኑን ልጆች ሲያለማምዱ ደጋግመው የነገሯቸው ይህንኑ ነው። ግማሽ ላይ የቆመ ባንዲራ የሀዘን ነው፤ «ሰው ሳይሞት አታስለቅሱን» ይሏቸው ነበር። ስለዚህ ወይ የተገለበጠ ባንዲራ ትሰቅላለች፣ ወይ ማንም ሳይሞት በእንግዳ ፊት ሀዘን ታውጃለች። ገመዱን ሳበች። ባንዲራው እንደተዘቀዘቀ ጫፍ ደረሰ።

ይህችን ልጅ ክፍል ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። «ቋጠሮ» ነው የሚሏት፤ እሷ ያሰረችውን ነገር ከመቀስ በቀር የሚፈታው ስለሌለ። የባንዲራ ቡድን ውስጥ ያስገባትም ይኸው ሙያዋ ነው። አጠገቧ የቆመችው ጓደኛዋ ደግሞ «ቃል አቀባይ» ትባላለች። ምክንያቱን ለማወቅ ከእሷ ጋር አምስት ደቂቃ መቀመጥ ይበቃል። ሁለቱ ሰባት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል።

መዝሙሩ እንዳለቀ አባባ ገመድ ማንም ሳያዛቸው ከበሩ መጡ። ባንዲራውን ቀስ ብለው አወረዱት፣ መሬት ሳይነካ በትከሻቸው ተቀበሉት፣ አገላብጠው አያያዙና መልሰው ሰቀሉት። ከእንግዶቹ አንዱ ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ።

ከሰልፉ በኋላ ሁለቱ ልጆችና አባባ ገመድ ቢሮ ተጠሩ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ ርእሰ መምህሯ። ድምፃቸው አልጮኸም፤ ባይጮህም ያስፈራ ነበር። «ማነው የተሳሳተው?»

አባባ ገመድ ባንዲራውን ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው የሚያጥፉት። የላይኛው ማዕዘን ብቻ ከእጥፋቱ ወጣ እንዲል ይተዉታል፤ «ጆሮዋ» ይሉታል። የላይና የታች ቀለበቶቹ አንድ ዓይነት ናቸውና ጠዋት የሚሰቅለው ሰው ጆሮዋን ይዞ የላይኛው መንጠቆ ላይ ማስገባት ብቻ ነው ሥራው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን ስተው አያውቁም።

«እኛ ጆሮዋን ይዘን ነው የሰቀልነው» አለች ቃል አቀባይ። ይሄ እንኳ እውነት ነበር።

«እሳቸው ካጠፉት በኋላ የነካው ሰው አለ?»

«ማንም አልነካውም» አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ቋጠሮ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ሰልፉ ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ቃል አቀባይ «እንግዳ ስላለ አንዴ እንለማመድ» ብላ ከአዳራሹ ጀርባ ባንዲራውን ዘርግታው ነበር። ከእጇ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ባንዲራ መሬት ከነካ መነገር አለበት፤ የጣለው ሰውም እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ከቡድኑ ይወጣል። አራገፉትና ተጣድፈው አጠፉት፣ አንዱን ጫፍ ቃል አቀባይ፣ ሌላውን ቋጠሮ ይዛ። የትኛው ማዕዘን ወደ ውጭ እንደቀረ አንዳቸውም አላዩም።

አሁን ዘበኛው ይከራከራሉ ብላ ጠበቀች። አልተከራከሩም። መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ጠረጉ።

«በትክክል ያጠፍኩ መስሎኝ ነበር» አሉ። «እንግዲህ ዓይኔ ነዋ። ዘንድሮ ደከም ብሎኛል።»

ርእሰ መምህሯ ፈራ ተባ እያሉ፣ ከነገ ጀምሮ የባንዲራው ሣጥን ቁልፍ ለስፖርት መምህሩ እንደሚሰጥ፣ አባባም ሥራ ወደሌለበት ወደ ኋላው በር እንደሚዛወሩ ነገሯቸው። እሳቸው ወዲያው ሊያስረክቡ ሲሉ ቁልፉ ከቀበቷቸው ቀለበት አልወጣ ብሏቸው ብዙ ታገሉ። ቋጠሮ እንዲህ ዓይነቱን ነገር በአንድ አፍታ ትፈታው ነበር፤ እጇን ግን አልዘረጋችም።

በእረፍት ሰዓት መጸዳጃ ቤቱ ጋ ጓደኛዋን ያዘቻት።

«አታካብጂ» አለቻት ቃል አቀባይ። «ሽማግሌ ናቸው፣ ጡረታ መውጣታቸው አይቀርም። እኔ ግን ከቡድኑ ከተባረርኩ አባቴ በቁሜ ነው የሚቀብረኝ። ታውቂው የለ?»

ቋጠሮ ታውቀዋለች። «እሳቸው ግን ዓይኔ ጠፋ ብለው አምነዋል» አለቻት።

«ዝም አይነቅዝም» አለች ቃል አቀባይ፣ ቧንቧውን እየዘጋች።

ቀኑን ሙሉ ቋጠሮ የመምህር ቃል ጆሮዋ አልገባም። ፈራች፣ ተናደደች፣ ደግሞም ጓደኛዋ አሳዘነቻት። ብትናገር ሰባት ዓመት ይፈርሳል። ባትናገር ደግሞ እኚያ ሽማግሌ ያልታመመ ዓይናቸውን ይዘው የኋላው በር ላይ ይቀመጣሉ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ባንዲራው መውረድ አለበት። የዛሬው ለአባባ ገመድ የመጨረሻቸው ነው፤ ተረኛዋም ቋጠሮ ነበረች። ቃል አቀባይ ቦርሳዋን አዝላ በሩ ጋ ትጠብቃታለች። ገመዱን ቀስ ብላ ለቀቀች፤ ሽማግሌው ባንዲራውን በክንዳቸው ተቀበሉ።

አንዴ አጠፉ፣ ደገሙ። ጣቶቻቸው እንደልማዳቸው ወደ ማዕዘኗ ሄዱና ወጣ አደረጓት። ከዚያ ቆሙ። ማዕዘኗን ወደ መነጽራቸው አስጠግተው አዩ፤ አገላብጠው ደግመው አዩ።

«ልጄ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እስቲ እዪልኝ። የላዩ ይሄኛው ነው አይደል?»

የላዩ ነው። ጣቶቻቸው ሳያዩ ነው ያገኙት።

«ነው አባባ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

ቋጠሮ ወደ በሩ፣ ወደ ጓደኛዋ አየች።

«ዓይንዎ ምንም አልሆነም» አለች። «ጠዋት ጥለነው ነበር። መልሰን ያጠፍነው እኛ ነን።»

አባባ ገመድ ዓይናቸውን ወደ ባንዲራው መለሱ። ተቆጥተው ከሆነ እንኳ ባንዲራውን እንደያዙ መቆጣት የሚችሉ አይመስሉም።

«መሬት ነክታለቻ?» አሉ።

«አዎ።»

«እንግዲያው ትታጠባለች» ብለው ያጠፉትን ዘርግተው በክንዳቸው ላይ ጣሉት። ከዚያ የምሰሶው ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «ደህና ነው ለካ» አሉ ለራሳቸው። «ቀኑን ሙሉ እኮ ዓይኔን በሰው መልክ ስፈትን ዋልኩ።»

ቋጠሮ እንባዋ መጣ። ይቅርታ አለቻቸው፤ እሳቸውም ሂጂ ብለው በእጃቸው ምልክት ሰጧት፣ ወደ ቤት ይሁን ወደ ቢሮ ግን አላሉም።

የርእሰ መምህሯ ቢሮ መስኮት አሁንም ክፍት ነው። ቃል አቀባይ ከበሩ ወደ እሷ ጠጋ አለች።

«አንሄድም?»

«ቢሮ ደርሼ ልምጣ።»

ጓደኛዋ ነገሩ ገባት። ፊቷ ተለዋወጠ። «ምን ልትያቸው ነው?»

«ሁለታችንም ነን ብዬ ነው የምነግራቸው» አለች ቋጠሮ። «አብረሽኝ ብትሆኚ ይሻለኝ ነበር።»

ቃል አቀባይ የቦርሳዋን ማንገቻ እያጠማዘዘች ባለችበት ቆመች።

ቋጠሮ መለስ ብላ ሳታይ ግቢውን አቋረጠች። ደረጃውን ወጣች፣ አንኳኳች፣ «ይግቡ» ተባለች። ገባች። በሩን ግን ከኋላዋ አልዘጋችውም።