ከሌላ መንገድ የተቆረጠ ናሙና

ሹፌሩ ከተገለበጠው አውቶቡስ ሥር ሞቶ ተገኘ።

መንገዱ ከተመረቀ ዓመት አልሞላውም። ጠርዙ ግን እንደ ደረቀ ጭቃ ተፈርፍሮ አውቶቡሱን ይዞት ቁልቁል ወርዷል።

«ጠጥቶ ነበር?» አለች መርማሪዋ።

የአውቶቡሱ ረዳት በፋሻ የታሰረ ክንዱን አቅፎ አፈጠጠባት።

«ሟች አይከራከርም ብለሽ ነው? እሱ እንኳን ሊጠጣ የጠጣ ሰው አያስጠጋም። ነዳጅ በቀዳን ቁጥር ለመንገድ ፈንድ ይቆረጥብናል። መንገዱስ የታል?»

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም የረዳቱን ቃል አጸና። ፍሬኑም ደህና ነበር።

መንገዱን የሠራውን ተቋራጭ አስጠራችው። ሰውየው እግሩን አነባብሮ ፈገግ አለ።

«ምን አድርግ ትይኛለሽ? የክልሉ መንግሥት ገንዘብ የሚለቀው ከአስፋልቱ የተቆረጠው ናሙና ምርመራ ሲያልፍ ነው። አልፏል። ናሙናውን ያስቆረጠው የመንገዶች ቢሮ መሐንዲስ ነው። ወንድምሽን ጠይቂዋ!»

የታላቅ ወንድሟ ስም በዚህ ጉዳይ ይነሳል ብላ አላሰበችም።

ወደ ቤተ ሙከራው ሄደች። ክብ ተደርገው የተቆረጡት የአስፋልት ናሙናዎች መደርደሪያ ላይ አሉ። ወፍራም ናቸው፤ ጠጠራቸውም ጥቁር። ከአደጋው ቦታ ያነሳችውን ቁራጭ ከጎናቸው አስቀመጠች።

ስስ ነው። ጠጠሩም ቀይ።

እንዲህ ያለ ጥቁር ጠጠር የት ነበር ያየችው? መልሱ መጣላት። በራሳቸው ደጃፍ ነው። ሠራተኞች የሰፈራቸውን አዲስ አስፋልት ክብ ክብ አድርገው ሲቆርጡ ውሃ ያቀረበችላቸው እሷ ናት። ወንድሟ «ለጥራት ምርመራ ነው» ብሏት ነበር። እሷም በኩራት ለጎረቤት አውርታለች።

ወደ ሰፈሯ ሄዳ ናሙና የተቆረጠበትን የአንዱን ክብ ዳር በመሮ ፈነቀለች። ጥቁር።

ወንድሟ ከቤት ወጥቶ አያት። መሮውንም አየ። ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ።

«ጋሼ፣ ለምን?»

«እማዬ ጭቃው ላይ ስትወድቅ፣ ሰፈሩ ‹መሐንዲስ ወልዳ!› እያለ ሲሳለቅባት አልሰማሽም? አውቶቡሱ ለተገለበጠበት መንገድ ከመጣው አስፋልት ጥቂት መኪና ወደዚህ አዞርኩ። ተቋራጩ አየኝ። ከዚያ እሱ የቀረውን ለራሱ አዙሮ እዚያ ስስ ቀይ ሲያነጥፍ በምን አፌ ልከልክለው? የዚህን መንገድ ናሙና የዚያ ነው ብዬ አቀረብኩ።»

መሮውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ናሙናው ጠፋ በያቸው፣ እታለም። እማዬ በሐፍረት ትሞትብናለች።»

«ሹፌሩም ለዚያ መንገድ በየሊትሩ ሲከፍል ኖሯል፣ ጋሼ። ተነስ።»

በለስላሳው አስፋልት ላይ ጎን ለጎን ተራመዱ። እሷ የመጣችበት የፖሊስ መኪና መታጠፊያው ጋ ቆሟል። አንዲት አሮጊት ጎረቤት ከበራቸው ብቅ ብለው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

«ከጭቃ ያወጣችሁን ልጆች! የወለደቻችሁ ትባረክ!»

ወንድሟ አንገቱን ደፋ። እሷ አሜን ልትል ከንፈሯን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣላትም።

«እማማ፣» አለች በመጨረሻ፣ «እባክዎ አይመርቁን።»