ደፍ ላይ የሚቆም ሰው

የማዘጋጃ ቤቱ ገንዘብ ያዥ በካዝናው ክፍል ውስጥ፣ ከብረት በሩ ሥር ሞተው ተገኙ። ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው፣ አስም የሚያሠቃያቸው ሽማግሌ ነበሩ። የጣቶቻቸው ቆዳ ተልጧል፤ በሩን ሲደበድቡ አምሽተዋል።

ያ በር ሁለት ቁልፍ ካልገባበት አይከፈትም። አንዱ የጋሼ ነው፤ ኪሳቸው ውስጥ ተገኝቷል። ሌላው የሒሳብ ሹሟ ነው። በሩ ከውጭ ከተገፋ በራሱ ስለሚቆለፍ፣ ከውስጥም መክፈቻ ስለሌለው፣ ደንቡ አንዱ ሲገባ ሌላው ደፉ ላይ ይቁም ይላል። ደንቡስ አለ፤ የሚቆም ጠፋ እንጂ! ሒሳብ ሹሟ መመላለሱ ቢሰለቻት ቁልፏን ከቢሮዋ በር ጀርባ ሚስማር ላይ ማንጠልጠል ከጀመረች ቆይታለች። ያገኘ ሰው አንሥቶ ለጋሼ ያቀብላቸዋል።

ትናንት ግን ራሳቸው መጥተው ለምነዋት ነበር።

«ልጄ፣ ዛሬ ማታ እንኳ አንቺው ቁሚልኝ።»

«ጋሼ ደግሞ! ቁልፉ ሚስማሩ ላይ አይደል? ማን ይበላዎታል?» ብላ ጸጉሯን ልትሠራ ሄደች።

ዛሬ ያ የተሠራ ጸጉር አሳፈራት። በሻሽ ሸፈነችው።

መርማሪዋ ጉንፋን የያዛት፣ ድምፅዋ የሰለለ ሴት ናት። «ቁልፍሽ የት ነበር እህቴ?» አለቻት።

«መሳቢያዬ ውስጥ። ቆልፌበት ነው የሄድኩት።» ውሸቱ ሳታስበው ከአፏ አመለጠ።

«ቢሮሽን ማን ሊከፍት ይችላል?»

«ዘበኛው... ትርፍ ቁልፍ አለው።»

ወዲያው ዘበኛውን ሁለት ፖሊሶች መሐል አስቀመጡት። «ኧረ በሕግ አምላክ! ጋሼን እንዳባቴ ነው የማያቸው!» ይላል። «እኔ የምጠብቀው የግቢውን በር ነው፤ እዚያ ምንም አይሰማም። ጠዋት የካዝናው ትርፍ ቁልፎች ከባንክ መጥተው ሲከፈት፣ ክፍሉ ጨለማ ነበር። መብራቱን ያበራሁት እኔ ነኝ።»

ሒሳብ ሹሟ ይህን ከኮሪደሩ ሰማች። አንድ ቃል ብትናገር ይፈታል። ብትናገር ደግሞ እንጀራዋ ይቆረጣል፤ የጋሼም ደም በራሷ ላይ ነው። ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች።

ቀጥሎ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ተጠየቀ። ሠራተኛው «ቆጥቡ» ይለዋል፤ የበራ አምፖል ባየ ቁጥር «የሕዝብ ገንዘብ ነው!» እያለ ያጠፋል። እየተጠየቀም ተነሥቶ የኮሪደሩን መብራት አጥፍቶ ተመለሰ።

«ነገ ኦዲተሮች ይመጣሉ አሉ?» አለች መርማሪዋ።

«ይምጡ! እኔ ካዝናው ጋ ሥራ የለኝም፤ ደጃፉን እንኳ ረግጬ አላውቅም። ሽማግሌው በስሕተት በሩን ዘግተውት ይሆናላ።»

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሁሉንም ካዝናው በር ላይ ሰበሰበች።

«ኮታቸው ቢሯቸው ውስጥ ወንበር ላይ ነው፤ የአስም መድኃኒታቸውም ኮቱ ኪስ ውስጥ። ስለዚህ ወዲያው ሊወጡ ነበር የገቡት። በሩን ንፋስ ዘጋው እንበል። ንፋስ ግን መብራት አያጠፋም፤ ማጥፊያው ያለው ከውጭ ነው። የዘጋው ሰው ነው። ሁለተኛውን ቁልፍ ማን አመጣው?» ዘበኛውን አየችው።

ዘበኛው አለቀሰ። ሒሳብ ሹሟ አልቻለችም። «ልቀቁት! ዋሽቻለሁ! ቁልፉ ሚስማር ላይ ነበር፤ ማንም ሊወስደው ይችላል!»

«አውቃለሁ። የመሳቢያሽ ቁልፍ ከቆየ ተሰብሯል፤ አይቆለፍም። ከራስሽ አፍ እስክሰማው ነው የጠበቅሁት።» መርማሪዋ አፍንጫዋን ጠረገች። «በሉ እናንተ ውጡ፤ እኔ ውስጡን አንዴ ልየው።» ብላ ገባች።

ሁሉም ወደ ኮሪደሩ አመሩ። ቆጥቡ መጨረሻ ነበር። ሲያልፍ እጁ ከበሩ አጠገብ ወዳለው ቁም ሣጥን ጀርባ ገባና ቀጭ አለ። ካዝናው ጨለመ።

ከጨለማው ሳል ተሰማ። «ሰው አለ እኮ!»

ቆጥቡ ፈጥኖ መልሶ አበራው። «ል... ልማድ ነው!»

«አዎን፣ ትናንትም ልማድ ነበር» አለች መርማሪዋ እየወጣች። «ግን ያ ማጥፊያ ከቁም ሣጥን ጀርባ ነው፤ እኔ ራሴ ስፈልገው ደክሜያለሁ። ደጃፉን ረግጦ የማያውቅ ሰው ሳያይ እንዴት አገኘው?»

ቆጥቡ አመነ። ከካዝናው በሐሰት ደረሰኝ ሲበላ ከርሟል፤ ጋሼም ለኦዲተሮቹ እናገራለሁ ብለውታል። «ገንዘቡን ማታ ልመልስ እመጣለሁ አልኳቸው። የሚስማሩን ቁልፍ አምጥቼ ከፈትን፤ ደስ ብሏቸው ኮታቸውን እንኳ ሳይለብሱ ገቡ። ላስፈራራቸው ብቻ ነበር፤ ትንሽ ቆይቼ ልከፍት...»

«በምን ቁልፍ? የሳቸው ቁልፍ እኮ አብሯቸው ገብቷል።»

ፖሊሶቹ ቆጥቡን በካቴና አሰሩት።

ሲወስዱት ዘበኛው ሒሳብ ሹሟ ፊት ቆመ። «መሳቢያ አልሽ፣ እህቴ?» አለና ሄደ። ቢሰድባት በተሻላት።

«ቆሜላቸው ቢሆን ኖሮ?» አለች መርማሪዋን።

«ዛሬ በሕይወት ነበሩ።» መርማሪዋ ልታባብላት አልሞከረችም። «ነገ ቃልሽን ትሰጪያለሽ።»

ሰው ሁሉ ተበተነ። አንድ ፖሊስ ብቻ ካዝናው ውስጥ ፎቶ ያነሣል። ሒሳብ ሹሟ መጥታ ደፉ ላይ ቆመች።

«ጨርሰናል እኮ፤ አንቺ መሄድ ትችያለሽ» አላት።

«ውስጥ ሰው አለ» አለች። ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።