ሰንጢው የሚከፈትበት እጅ

አጎቷ «እኔ የሠራሁት» ሲል ይህ አራተኛው ነው። ሚጡ የሒሳብ የቤት ሥራዋን እየሠራች ጎን ለጎን የእሱን ውሸት መቁጠር ከጀመረች ቆይታለች፤ ከጥያቄዎቹ ይልቅ ውሸቱ ቶሎ ቶሎ ይጨምራል።

«ሚጡ» የሚላት እሱ ራሱ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሞልቷት፣ በቁመት ልትደርስበት ጥቂት ቀርቷት፣ ዛሬም ሚጡ። እሱን ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ «ኢንጂነር» ይለዋል። ምን እንደተማረ የሚያውቅ የለም፤ ብቻ ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል።

ፊት ለፊቱ የተቀመጡት ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው። ዶክተሯ ሰንጢ ይሰበስባሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ሰብሳቢዎች በሚያዘጋጁት ኤግዚቢሽን ላይ የሚያቀርቡት አዲስ ሠሪ ፍለጋ ነው እዚህ ሱቅ ድረስ የመጡት። ጠረጴዛው ላይ በተነጠፈው ነጭ ጨርቅ መሐል አንድ ሰንጢ ታጥፎ ተኝቷል። አጠገቡ ዶክተሯ ከቦርሳቸው ያወጡት ካርድ አለ። «የሠሪው ስም» ይላል፤ ቀጥሎ ባዶ መስመር።

ሰንጢውን የሠራችው የሚጡ እናት ናት። ሱቁ ውስጥ ያለውን ሁሉ የምትሠራው እሷ ናት፣ ከመጋረጃው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል። ይሄኛው ግን ለሽያጭ አልነበረም። ሦስት ወር ሙሉ ለራሷ ስትለፋበት ቆይታ መሳቢያዋ ውስጥ ያስቀመጠችው ነው። ኢንጂነሩ ዛሬ ጠዋት መሳቢያውን ከፍቶ፣ «ይሄ ያምራል» ብሎ እንደ ክብሪት ኪሱ ከተተው።

ሚጡ ያኔውኑ እናቷን አፋጠጠቻት። «ሞረድ ብትሰጪው እኮ ማበጠሪያ መስሎት ፀጉሩን ነው የሚያበጥርበት» አለቻት። እናቷ ከሞርሳው ቀና ሳትል፣ ወንድሟ እንደሆነ፣ ሱቁም የእሱ እንደሆነ፣ ደንበኛም የሚያምነው እሱን እንደሆነ ነገረቻት።

«ዝም በይልኝ» አለች መጨረሻ ላይ። «ለእኔ ብለሽ።»

ሚጡም ዝም አለች። ዝምታው ግን ትኩስ ነገር እንደዋጠ ሰው ደረቷን ያቃጥላታል። የተናደደችው በአጎቷ ብቻ ቢሆን ይቀላት ነበር። በእናቷም ነው፤ እንዲያውም በእናቷ ይብሳል።

ዶክተሯ ሰንጢውን አንስተው ወደ መስኮቱ አዞሩት። ስለቱን ወጥሮ በሚይዘው የጀርባ ሞላና በእጀታው መካከል ብርሃን የሚያሾልክ ክፍተት ፈለጉ፤ አጡ። የቀንድ እጀታውን ሁለት ጎን አስተያዩ። በአንደኛው ጎን የጀመረው የቀንዱ መስመር በሌላኛው ይቀጥላል፤ ከአንድ ቀንድ ጎን ለጎን የተቆረጠ ነው። ከዚያ የድሮ ሥራቸው አልለቅ ብሏቸው ይመስላል፣ ጥርስ የሚያዩባትን ትንሽ መስታወት አውጥተው ስለቱ የሚተኛበትን ስንጥቅ መረመሩ። ማንም የማያየው ሆድ ዕቃው ሳይቀር ተወልውሎ ያበራል።

«ውጭውን ማሳመር ብዙ ሰው ይችላል» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄን ውስጡን ግን ማን ያይልኛል ብለው ነው?»

«እንግዲህ ማሽኑ ነው» አለ ኢንጂነሩ። «ያለን ማሽን ዘመናዊ ነው።»

ሚጡ እስክሪብቶዋን ጭምድድ አድርጋ ያዘች። ቤቱ ውስጥ ያለው ማሽን ማራገቢያው ብቻ ነው፤ እሱም ከተበላሸ ቆይቷል። ሰውየው ሼም የሚባል አልፈጠረበትም። ያንን ሆድ ዕቃ እናቷ የወለወለችው በብርጭቆ ወረቀት ነው፣ የጣቷ ቆዳ እስኪላጥ።

ዶክተሯ ሰንጢውን ሳይከፍቱ መልሰው ዘረጉለት። አዲስ ሰንጢ መጀመሪያ ራሳቸው ከፍተው እንደማያውቁ፣ ድምፁን ከሠሪው እጅ መስማት ልማዳቸው እንደሆነ ነገሩት። ጥሩ ሰንጢ ሲከፈት አንዴ ብቻ «ቀጭ» ይላል፣ አያጉረመርምም፣ ብለው ጆሯቸውን አዘነበሉ።

ኢንጂነሩ ፈገግ ብሎ ተቀበለ። እጀታውን በግራ እጁ ይዞ በቀኝ አውራ ጣቱ ስለቱ ላይ የጥፍር ማስገቢያዋን ፈለገ። የለችም። ጥፍሩ ለስላሳው ብረት ላይ ሸተት አለ። ደገመ፤ ሸተት። ሰንጢውን ሆዱ ላይ አስጠጋው፣ የታሸገ ቆርቆሮ እንደሚከፍት ሰው ታገለው። ማስገቢያዋ ያለችው በወዲያኛው ጎን ነው። እናቷ የምትሠራው በግራ እጇ ነው፤ ለራሷ የሠራችውንም ለራሷ እጅ አስተካክላ ነው የሠራችው። አጎቷ ግን ሰንጢውን ከመሳቢያ ሲያወጣ ከፍቶ እንኳ አላየውም።

«ይሄ እኮ የግራ እጅ ሰንጢ ነው» አሉ ዶክተሯ።

ኢንጂነሩ ሱቁን ዙሪያውን ቃኘ። ከዚያ ዓይኑ ሚጡ ላይ አረፈ፤ ፊቱም በራ። «ለእሷ ብዬ ነዋ የሠራሁት። የእህቴ ልጅ ናት፣ በግራ እጇ ነው የምትሠራው። አይደል፣ ሚጡዬ?»

አምስተኛው። ይሄኛውን ደግሞ በእሷ አፍ ሊጨርሰው ነው። «ዬ» ሲጨምርላትም ዛሬ የመጀመሪያው ነው።

ዶክተሯ ዞረው አዩዋት። ሚጡ ቀኝ እጇን አየች። እስክሪብቶው እዚያ ነው። ሆኖም «አዎ» ብትል ነገሩ እዚሁ ያልቃል፤ የሚጣላ አይኖርም። እናቷም የለመነቻት ይህንኑ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ሞረዱ ብረት ላይ ይመላለሳል፤ ክርር፣ ክርር።

«ሚጡ» አለ አጎቷ፣ አሁን ያለ «ዬ»።

ተነሳች። ካርዱን ከጠረጴዛው አነሳች። ሰንጢውን ከአጎቷ እጅ ወሰደች፤ ጣቶቹ ለትንሽ ጊዜ ያዙት፣ ከዚያ ለቀቁት። ሄዳ መጋረጃውን ገለጠች። ሞረዱ ቆመ። እናቷ ካርዱን አየች፣ ሰንጢውን አየች፣ ከሚጡ ትከሻ በላይ የሚመለከቷትን እንግዳ አየች። እጇ እስከ አንጓዋ በብረት ብናኝ ጠቁሯል፤ ወዲያው አጠገቧ ወዳለው የውኃ ባልዲ ዘረጋችው።

«ተይው፣ እማ» አለች ሚጡ። «ሳትታጠቢ ነይ።»