ከጋኑ ዳር የተዘለለችው ልመና

የዓለም ጦርነት በተጀመረ በሦስተኛው ዓመት፣ ብርዱ ሊገባ ሲል፣ ከወንዙ ዳር ያለው ማቅለሚያ ቤት ለሠራዊቱ ካፖርት የሚሆን ጨርቅ ጥቁር ቀለም ይነክር ነበር። ግድግዳው ላይ ሰዓት ተሰቅሏል፤ ሆኖም ፊቱን እንፋሎት ስለሸፈነው የሚያየው አልነበረም፤ ሴቶቹ ከእናቶቻቸው እንደወረሱት ጨርቁን ከጋኑ ከትተው አርባ ጊዜ «አባታችን ሆይ» ይደግማሉ፤ አርባው ሲሞላ ጨርቁ ይወጣል።

በሁለተኛው ጋን የምትሠራው ሴት አንድያ ልጇ ዘምቶባታል። ሰማይ ሲጠቁር ጎርፍ፣ ውሻ ሲያላዝን ለቅሶ የሚታያት በመሆኗ ባልደረቦቿ «ሟርቴ» ይሏታል። በአንደኛው ጋን በዕድሜ የምትበልጣት መበለት ነበረች፤ የእርሷም ልጅ ከዚያው ክፍለ ጦር ነው።

አንድ ማለዳ የማቅለሚያ ቤቱ አለቃ ካፖርት ይዘው ገቡ።

«ሻምበሉ መልሰው ላኩብን» አሉ። «ደረቱ እንደ ቁራ ጠቁሯል፤ እጅጌው ደብዝዟል። ደረቱ ከአንደኛው ጋን ነው፤ እጅጌው ካንቺ።»

«አርባውን ሞልቻለሁ ጌታዬ» አለች ሟርቴ።

አለቃው ካፖርቱን ጥለውላት ወጡ። መበለቲቱ ጠጋ አለች።

«መሙላቱንስ ሞልተሻል። ግን እኩል ጀምረን እኔ ገና ሳልጨርስ አንቺ ታወጫለሽ። ከጸሎቱ የትኛዋን ልመና ነው የምትውጫት?»

ሟርቴ ማማሰያውን አንዴ አዞረች፤ ከዚያም፣ «ፈቃድህ ትሁን የምትለዋን፣ እትዬ» አለች።

«ምነው?»

«እሺ ካልኩትማ ይወስደዋላ! ልጄን በገዛ አፌ ላስረክብ?»

መበለቲቱ ሳቀች። «አንቺ ስለዘለልሽው እግዜር የሚረሳው መሰለሽ? ደግሞ ጎምደሽ ነው የሰማሻት። ‹በሰማይ እንደ ሆነች› ትላለች እኮ! በሰማይ ጥይት አለ?»

«የለም።»

«ልጇን የምትቀብር እናትስ?»

«የለችም።»

«እንግዲያ የምንለምነው እዚህም እንደዚያ እንዲሆን ነው። ልጄን ውሰድ የሚል የታለበት?» ካፖርቱን አንስታ እጅጌውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋችው። «ይልቅ ይህን ፍሪ። የደበዘዘ እጅጌ ከሩቅ ይታያል። የሚለብሰው ያንቺው ልጅ ቢሆንስ?»

የሟርቴ ፊት አመድ መሰለ፤ እጅጌውን ነጥቃ ወደ ጋኑ መለሰችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ልመናዋን አልዘለለችም፤ እዚያች ቃል ላይ ስትደርስ ግን ድምጿ ዝቅ ይል ነበር።

ጦርነቱ ሲያበቃ የሟርቴ ልጅ እያነከሰ መጣ፤ የመበለቲቱ ልጅ አልመጣም።

የሐዘኑ ሰሞን ካለፈ በኋላ መበለቲቱ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጨርቁን ነከረች፤ ጸሎቱንም ጀመረች፤ «መንግሥትህ ትምጣ» ካለች በኋላ ግን ቆመች። ጋኑ ሲንፈቀፈቅ ይሰማል። ሟርቴ ከሁለተኛው ጋን ሆና፣ በዚያ ቤት ከእርሷ ተሰምቶ በማያውቅ ከፍ ያለ ድምጽ፣ «ፈቃድህ በሰማይ እንደ ሆነች እንዲሁም በምድር ትሁን» አለችላት። መበለቲቱ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች፤ የቀረውንም ቀጠለች።

ታሪክ የጄኔራሉን ስምና የሰላም ውሉ የተፈረመበትን ቀን ጠብቋል። ከነዚያ ካፖርቶች አንዱ ዛሬ በሙዚየም መስታወት ውስጥ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ የክፍለ ጦሩ ቁጥር ተጽፏል፤ የነከሩት ሴቶች አልተጠቀሱም። እጅጌውና ደረቱ ግን አንድ ዓይነት ጥቁር ነው።