ያልተቧጨረ በረዶ

አርቪ ፔልቶላ ሞቶ የተገኘው ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቀው በኖረው ቦታ ላይ ነው፤ ከጎሉ ፊት በተቀባችው ሰማያዊ ግማሽ ክብ ውስጥ፣ የበረኛ ትጥቁን እንደታጠቀ፣ በግንባሩ ተደፍቶ። ጭምብሉ የግራውን ቀይ ቋሚ ተደግፏል። ፓክ የሚሏቸው ጥቋቁር የጎማ ክቦች ዙሪያውን ተበትነዋል። ያየው ሁሉ በአንድ አፍ «ማልዶ ብቻውን ሊለማመድ ገብቶ፣ አዳልጦት፣ ራሱን ከብረቱ አጋጭቶ ነው» አለ።

ዳንሞር በሰሜን ኦንታሪዮ ያለች የማዕድን ከተማ ናት። ጥር ላይ እንደምን አደርክ ያሉት ሰው ጋ ሰላምታው ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀዘቅዛል። እዚያ አርቪን የማያውቅ ቢኖር የዚያን ዕለት የተወለደ ሕፃን ብቻ ነው። በትንንሾቹ የአይስ ሆኪ ሊጎች ያልተሳፈረበት አውቶቡስ፣ ያልተኛበት የሻገተ ሆቴል የለም። ጥርሱን በየከተማው እየጣለ ስላለፈ፣ የሚሰበስብለት ቢገኝ ለሁለት ሰው መንጋጋ ይበቃ ነበር። ከዋናው ሊግ ስልክ ይመጣልኛል እያለ ጠጉሩ ሸበተ። ስልኩ የመጣው በሞቱ ዋዜማ ነው። የትልቁ ቡድን በረኞች ተጎድተው «ነገ ድረስልን» አሉት። ከተማዋ በደስታ ስለሰከረች የቤተክርስቲያኑ ደወል ሳይቀር ተደወለ።

አሁን አውሮፕላኑ ያለ እሱ ሊነሳ ነው። በእሱ ፋንታ የሚሳፈረው ተጠባባቂው በረኛ ኮልቢ ትራዝ ስለሆነ ዳንሞር ፍርዷን ለመጨረስ እስከ ረፋድ አልቆየችም። ዳቦ ቤቱ በር ላይ «ማን ተጠቀመ?» ተባለ፤ ሰልፉ ሳያልቅ ኮልቢ ተሰቅሎ ወርዷል። የትልቁ ቡድን ሰዎችም «ስሙ ከጥርጣሬ ካልጠራ አናሳፍረውም» ብለው ደወሉ።

ሳጅን ኦዴት ላፍራምቧዝ የተጠራችው ያኔ ነው። ካፖርቷን አጥልቃ ስትገባ የበረዶ ሜዳው አዳራሽ ብርድ ራሱ ገለል ብሎ መንገድ ሰጣት። በልጅነቷ ከወንዶች ጋር በረኛ ሆና ተጫውታለች፤ ጠማማ አፍንጫዋ ምስክር ነው። ከዓይኗ የሚያመልጥ ነገር ገና አልተፈጠረም ይላሉ። ማጋነን ነው፤ ግን ብዙም አይደለም።

ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። በረዶው ላይ ከመግቢያው በር ጀምሮ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ስለት ያሰመራቸው መስመሮች ይታያሉ፤ ሰማያዊዋ ክብ ጋ ሲደርሱ ግን ቀጥ ብለው ቆመዋል። ክቧ ውስጥ ያለው በረዶ ከመለስለሱ የተነሳ ኦዴት ጠማማ አፍንጫዋን አየችበት። ከዚያ ጭምብሉን አገላበጠች። ግንባሩ ላይ ጥቁር የጎማ ምልክት አለ፤ የቋሚው ቀይ ቀለም ግን ጭረት ታህል አልነካውም።

አርቪን ሲያነሱት ደግሞ አፉ ካረፈበት ቦታ ላይ አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ታየቻት። ቀልጣ እንደገና የረጋች፣ ለስላሳ፣ የማንኪያ ጀርባ የምታህል። ኦዴት ጓንቷን አውልቃ አውራ ጣቷን ከተተችባት። እስኪደነዝዝ ድረስ አላወጣችውም።

«ምን አገኘሽ?» አለቻት ሬሳውን ልትመረምር የመጣችው ሐኪም።

«ባላገኘሁት ብዬ የምመኘውን» አለችና ተነሳች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ስታን ክሩፓን ነው። ስታን የበረዶ ማለስለሻውን መኪና የሚነዳ ሽማግሌ ነው፤ ሬሳውንም ያገኘው እሱ ነው። የመኪናው ጎማ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ትናንት ከልምምድ በኋላ በረዶውን አለስልሰኸው ነበር?»

«እንደ ሙሽራ ፊት አድርጌው ነው የሄድኩት፣ የኔ እመቤት።»

«መልበሻ ክፍል ገብተሃል?»

«ምን ልሠራ? እዚያ ሽታው ይገድላል።» አፉን ቶሎ በእጁ ያዘ። «ይቅርታ። ምላሴ ነው።»

«የጎን በሩ ቁልፍ ማን ማን ጋ አለ?»

«እኔ ጋ፣ አሠልጣኙ ጋ፣ አምበሉ ጋ፣ አርቪ ጋ። ሌላ ማንም የለውም።»

«አርቪ ጎሉ ጋ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው?»

«የኔን ልፋት ማበላሸት ነዋ። በጫማው ስለት ከወዲያ ወዲህ እንደ ዶሮ ይጭረዋል፣ እስኪነጣ። በረኛ የለሰለሰ በረዶ ላይ አይቆምም፤ ያንሸራትተዋል። እኔ ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ እግርህን ይቁረጠው እያልኩ ስረግመው ኖርኩ።» ዓይኑን በጓንቱ ጠረገ። «እርግማን ይይዛል እንዴ ሳጅን?»

«ቢይዝማ እኔ ከአምስተኛ ክፍል አላልፍም ነበር» አለችው።

አሠልጣኙ ሮሜዎ ጌርቴን ቢሮው ውስጥ፣ ቡናው በወረቀት ኩባያ እንዳለ ቀዝቅዞበት ተቀምጧል።

«አሠልጣኝ ጌርቴን፣ ትናንት ከልምምድ መጨረሻ የቀረው ማን ነው?»

«አርቪና አምበላችን። ሁልጊዜም እነሱ ናቸው። ዱንካን ሲመታ፣ አርቪ ሲመልስ፣ መብራት ካላጠፉባቸው አይወጡም። እኔ ትቻቸው ሄድኩ።»

«ጎሉ ጋ ሲደርስ መጀመሪያ ምን ያደርጋል?»

«ይቧጭራል። አግዳሚዬ ላይ ሆኜ ያንን ድምጽ ስሰማ ነው ዛሬ ጨዋታ አለ የምለው።» ሳይጠየቅም ቀጠለ። «ሳጅን፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ጉልበቱ ገና ጥሩ በነበረ ጊዜ ትልቁ ቡድን ስለሱ ጠይቆኝ ነበር። ገና አልበሰለም አልኳቸው። በስሎ ነበር። ምን ላድርግ፣ እሱ ከሄደ እኔ በማን ላሸንፍ? ትናንት ስልኩ ሲመጣለት አቅፎ ሳመኝ። አንተ ባትኖር እዚህ አልደርስም አለኝ።»

ኦዴት ብዙ ወንጀለኛ አይታለች፤ እንዲህ በገዛ እጁ ራሱን ያሰረ ሰው ግን ብርቅ ሆነባት።

ኮልቢ ትራዝን ያገኘችው መልበሻ ክፍል ነው። ከአርቪ ባዶ ወንበር ፊት ቆሞ መቀመጥ ፈርቷል። ከተማዋ ገዳይ ያለችው ሰው ገና ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ፣ ቁመቱ ግን ጣሪያ የሚጠርግ ወጣት ነው።

«ቁልፍ አለህ ይላሉ?»

«ማን ነው ያለው?»

«ማንም አላለም። ኪስህ ውስጥ እያንሿሿኸው ነው።»

አውጥቶ ሰጣት። «የአርቪ ነው። ትናንት ከልምምድ በፊት ሰጠኝ። ከእንግዲህ ቤቱ ያንተ ነው አለኝ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ገና ሳይሄድ ወረሰው እንዳይሉኝ።»

«ስለዚህ ዛሬ ጠዋት አርቪ ቁልፍ አልነበረውም።»

«አልነበረውም» አለ ኮልቢ። ራሱ ላይ ገመድ ያጠበቀ መሰለው እንጂ የኦዴት ዓይን ለምን እንደበራ አልገባውም። «ሳጅን፣ እኔ ነኝ የገደልኩት። ማለቴ፣ አግዳሚው ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር አንድ ነገር በሆነ እያልኩ ስመኝ ነው የከረምኩት። እግሩን ነበር። ጡንቻው ሸምቀቅ ቢልልኝ ብዬ ነው። ጭንቅላቱን አላልኩም።»

«ጎሉ ጋ ስትደርስ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?»

ኮልቢ መልስ ከመስጠቱ በፊት እግሮቹ ወለሉ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ መፋቅ ጀመሩ። ኦዴት አየችና በቃኝ አለችው።

አምበሉ ዱንካን ማኪሳክ የአርቪን እህት አግብቷል። ከርቀት የሚመታት ፓክ ስታልፍ ተመልካች ባርኔጣውን ይይዛል፤ ክንዱ የሌላው ሰው ጭን ነው። ዛሬ ግን ግዙፉ ሰውዬ ወንበሩ ሰፍቶት ተኮራምቷል።

«ትናንት ከአርቪ ጋር ቀርተህ ነበር?»

«ትንሽ መታሁለት። ከዚያ እሱ ሻወር ሊወስድ ገባ፤ እኔ ወደ ቤት ሄድኩ። የአተር ሾርባ በላን፤ ተኛን። ዛሬ ጠዋት በቁልፉ ከፍቶ ገብቶ ነው የሚሆነው። ለትልቁ ቀን እንቅልፍ እምቢ ብሎት።»

«በቁልፉ» አለች ኦዴት።

«አዎ፣ አለውኮ።»

«ጎሉ ጋ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው?»

«ቋሚዎቹን በዱላው ይነካል። ግራ፣ ቀኝ። ከዚያ እኔ መጥቼ የእግር መከላከያውን መታ መታ አደርግለታለሁ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከዚያ በፊት እኔ የለሁም። በረኛ ሁልጊዜ ፊት ይወጣል፤ አምበል መጨረሻ ነው። ለጨዋታም፣ ለልምምድም። ከተዛነፈ እንሸነፋለን።» ለመሳቅ ሞከረ። «አንዴ ተዛንፎ ስድስት ገብቶብናል።»

ከዚህ በኋላ ኦዴት ሐኪሟ ጋ ደወለች። ብዙ ሰማች፤ ጥቂት ተናገረች። ከዚያ አራቱንም በረዶው ዳር ያለው አግዳሚ ላይ ሰበሰበቻቸው። ኮልቢ ጫማውንና ትጥቁን እንዲያደርግ ነግራዋለች።

«ኮልቢ፣ ወዲያኛው ጎል ሂድና ሁልጊዜ መጀመሪያ የምታደርገውን አድርግ።»

ሄደ። ጎሉ ፊት ቆሞ መቧጨር ጀመረ፤ በጎን፣ በስለቱ፣ ከቋሚ እስከ ቋሚ። ሸርርር የሚለው ድምጽ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ቆርቆሮ የሚቀደድ አስመሰለው። ሰማያዊው ነጣ። ስታን በልማዱ ሊራገም አፉን ከፍቶ ተወው። አሠልጣኙ አንገቱን ደፋ። ዱንካን ብቻ አንገቱን አስግጎ እንደ አዲስ ነገር ያያል።

«አሁን ወደዚህኛው ተመልከቱ» አለች ኦዴት፣ አርቪ ወደ ወደቀበት ጎል እየጠቆመች። «መስታወት ነው። አርቪ ብቻውን ሲለማመድ ሞተ ካልን፣ ሳይቧጭር ቆመ ማለት ነው። ይህ ደግሞ ሱሪ ሳይለብስ አደባባይ ወጣ እንደማለት ነው። በእግሩ አልመጣም። ያመጣው ሰው አለ።»

«ኮልቢ ኪስ ውስጥ ቁልፍ ተገኘ ይባላልኮ» አለ ስታን በቀስታ።

«ነበረው። የአርቪን ቁልፍ። ስለዚህ አርቪ ዛሬ ጠዋት ከፍቶ መግባት አይችልም። ያልገባ ሰው ከተገኘ፣ ከትናንት ጀምሮ አልወጣም ማለት ነው። ያመጣው ሰው ግን ቁልፉ አርቪ ኪስ ውስጥ እንዳለ ነው የሚያስበው። ኮልቢ ይህን ሊሳሳት አይችልም። መቧጨሩንም አይረሳም፤ እግሩ ራሱ አያስረሳውም። ስታን አይረሳም፤ ዕድሜውን ሲደፍነው ኖሯል። አሠልጣኝ ጌርቴን አይረሳም፤ ድምጹን እየጠበቀ ነው ጨዋታ የሚጀምረው።»

ኮልቢ መቧጨሩን አቁሞ ከሩቅ ያዳምጣል።

«ያ ሰው ብልህ ነው። ጫማ አድርጎ በረዶውን አሰመረ፤ ፓክ በተነ፤ ጭምብሉን ከቋሚው አስጠጋ። የረሳው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱም መርሳት አይደለም፤ አያውቀውም። እሱ ከመልበሻ ክፍል ሲወጣ ክቡ ሁልጊዜ ነጥቶ ነው የሚጠብቀው። ሲነጣ አይቶ አያውቅም። ከሁሉም መጨረሻ የሚወጣ ሰው ነው።»

ማንም ወደ ዱንካን አልዞረም። መዞሩን ሁሉም ፈራው።

«ክቡ ውስጥ አልገባሁም» አለ ዱንካን በመጨረሻ። ድምጹ ከዚያ ሁሉ ገላ የወጣ አይመስልም። «ከውጭ ሆኜ ገፋሁት። ቤቱ ነው፤ ማናችንም አንረግጥበትም።»

«ግንባሩ ላይ ያረፈችው ያንተ ፓክ ናት።»

«የመጨረሻዋ ምት ነበረች። አንዲት ብቻ አልኩት። ወደቀ፤ ተነሳ፤ ሳቀ። መልበሻ ክፍል ገብቶ አስመለሰው። ሐኪም ልጥራ ስለው እጄን ያዘ። ማኪ፣ ጭንቅላቱን ተመታ ካልክ አያሳፍሩኝም፤ እድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩት ነገ ነው አለኝ። ትጥቁን እንኳ ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ ጋደም አለ። ሾርባ ላመጣለት ሄድኩ። ስመለስ ጠራሁት፤ ነካሁት፤ ቀዝቅዟል። ለባለቤቴ ወንድምሽን መታሁት፣ ከዚያም ዝም አልኩ ብዬ እንዴት ልግባ? ቢያንስ ቦታው ላይ ይገኝ አልኩ።»

«ትንፋሹን አዳምጠሃል?»

«እጄ ደንዝዞ ነበር። ሞቶ ነበርኮ ሳጅን። ሞቶ ነበር አይደል?»

ኦዴት ይህን ጥያቄ ከጠዋት ጀምሮ አውራ ጣቷ ላይ ይዛው ውላለች። ልትዋሽለት አሰበች፤ እውነቱን ልትነግረውም አሰበች። አሠልጣኙን አየች፤ ኮልቢን አየች። ሁሉም ላላደረጉት እየተሰቃዩ ነው፤ ያደረገው ሰው ብቻ ያደረገውን አያውቅም።

«አፉ ያረፈበት በረዶ ቀልጧል» አለችው። «የሞተ ሰው በረዶ አያቀልጥም።»

ዱንካን አልጮኸም። ክንዶቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የሌላ ሰው እቃ ይመስል አያቸው።

«ሐኪም ብጠራለት ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

«ሐኪሟን ጠየቅኳት። አላውቅም አለች። ማንም አያውቅም።»

አሠልጣኙ ተነስቶ፣ ትልቁ ቡድን ጋ ሊደውል ስልኩን አወጣ። ኮልቢ በዝግታ ወደ አግዳሚው ተንሸራቶ መጣ፤ ስሙ ጠርቷል፤ ፊቱ ላይ ግን ደስታ የሚያርፍበት ቦታ አልነበረም።

«አውሮፕላኑ አያምልጥህ» አለው ስታን። «እዚያም ስትደርስ አጥብቀህ ቧጭር። ይራገሙህ።»

በመተላለፊያው ሊወጡ ተሰለፉ። ኮልቢ ፊት ሆነ፤ በረኛ ነውና። አሠልጣኙ ተከተለ፤ ስታንም። ዱንካን በሩ ጋ ሲደርስ እግሩ በልማዱ ቆመ፤ ጎኑን ከግድግዳው አስጠግቶ የቀረው ሰው እስኪያልፍ ጠበቀ።

የቀረችው ኦዴት ናት። እሷም ቆመች።

«ማኪሳክ» አለችው፣ ክንዱን በቀስታ ይዛ። «ዛሬ መጨረሻ የምወጣው እኔ ነኝ።»