የአዝመራው ምሳ

ሳጅን ላቀው እኩለ ቀን ላይ ወደ ፖሊስ ጣቢያው በር ወጥቶ ከእማማ የሺመቤት ምሳ ዕቃ ይቀበላል። እሳቸውም እንደ ደንቡ አንዲት ጉርሻ ፊቱ ቀምሰው፣ «ለአዝመራው ስጥልኝ ልጄ። የአስም መንፊያውንም ይኸው» ይላሉ። «ከምግብ በቀር አይገባም እማማ» ይላቸዋል፤ ደረቱ ላይ ያለው ካሜራ እያየ ደንብ እንዴት ይጣሳል? ልጃቸው አዝመራው ግን እስር ክፍል ውስጥ አየር አጥሮት ከሞተ ሰንብቷል።

ካሜራው ከመጣ ወዲህ ጣቢያው ጨዋ ሆኗል። ዱላ የለም፣ ስድብ የለም፤ የሚለምን ሰው ሲኖርም ሁሉም ደንቡን ይነግረዋል። ላቀው የሁሉንም ካሜራ ሰብስቦ ፊልሙን ያያል። የአዝመራውን ሞት የቀረጸው የራሱ ካሜራ ነበር። አዛዡ «አጥፋው፣ ሆድ ይፍጀው» አለው፤ አጠፋው። ለእናትየው የነገራቸው የለም። ስለዚህ መስኮት በሌላት የካሜራ ክፍል፣ የማሽኖቹ ሙቀትና የሽሮው ሽታ በተቀላቀለበት ጨለማ፣ የሟቹን ምሳ እየበላ ባዶ ዕቃ ይመልሳል። ምንም አይሰማውም።

መጀመሪያ የተለወጠው ድምፅ ነው። በራሱ ፊልም ውስጥ ትንፋሹ ሲር ሲር ይላል፤ እሱ ደግሞ ጉንፋን እንኳ አያውቀውም። ማይኩ ይሆናል ብሎ ተወው። ቀጥሎ በኮንስታብል ሰናይት ፊልም ላይ፣ እሱ ከጎኗ በቆመበት ቦታ፣ ቡናማ ጃኬት የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ አየ።

«ትናንት ገበያው ጋ ከማን ጋር ነበርሽ?» አላት።

«ካንተ ጋር ነዋ። አሞሃል እንዴ ሳጅን? ትንፋሽህ ይቆራረጣል።»

ዛሬ ፊልሙን ሲከፍት ሰውየው ዞሯል። ላቀው ፊቱን ለየው፤ አዝመራው ነው። ኮምፒውተሩን ዘጋና፣ በቃ፣ ዛሬስ እውነቱን እነግራቸዋለሁ ብሎ ወደ በሩ ሄደ።

እማማ የሺመቤት ጉርሻቸውን ቀምሰው ቀና አሉ። ማኘካቸውን አቆሙ።

«እማማ፣ ልጅዎ...» ብሎ ጀመረ፤ የቀረው ቃል ደረቱ ውስጥ ሲር አለ።

እሳቸው መንፊያውን ከጉያቸው አውጥተው አፉ ላይ አደረጉለትና፣ «አዝመራዬ፣ ምነው እንዲህ ከሳህ? ምሳውን አያደርሱልህም እንዴ?» አሉት።