ወደ በር የዞረው አልጋ

«ቤታችሁ ማን ሞተ?»

ባክ ይህን የጻፈው በክፍላቸው የስልክ ቡድን ላይ፣ ከኩዌ ፎቶ ሥር ነው። ከሥሩ የሚስቁ ፊቶች ተከታትለው ተደረደሩ። ኩዌ የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ እንደተቀመጠች ፎቶውን በሁለት ጣቷ አሰፋችው። ነጭ ጠረጴዛ፣ በስተግራ መብራት፣ ብርጭቆ ውስጥ የቆሙ እርሳሶች፣ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ተክል። ያሰናዳችው ራሷ ናት፤ ሲያዩት ልብ ይሞላል። በቀኝ በኩል ግን የአንድ የእንጨት አልጋ ግርጌ ገብቶበታል። ግርጌው ወደ ክፍቱ የመንገድ በር ዞሯል።

በከተማቸው በናም ዲን አልጋ እንዲያ የሚዞረው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ሰው ሲሞት እግሩን ወደ በር አድርገው ያጋድሙታል። በሕይወት ያለ ሰው እንዲያ አይተኛም። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም፤ የአሥራ አራት ዓመቷ ኩዌማ አሳምራ ታውቃለች።

«ኧረ ሙድ አትያዝባት!» ብላ ጻፈች ጓደኛዋ ንጋ።

«የምሬን እኮ ነው፤ ለቅሶ እንምጣ እንዴ?» አለ ባክ፤ እሱ ደግሞ አንዴ ከያዘ አይለቅም።

የኩዌ ጣቶች ከሐሳቧ ቀደሙ። «ባዶ አልጋ ነው። ልብስ እናስቀምጥበታለን እንጂ ማንም አይተኛበትም» ብላ ላከች።

ወዲያው የክፍል ኃላፊያቸው መምህርት ሎዋን እዚያው ቡድን ላይ ብቅ አሉ። «እንኳን ደስ አለሽ ኩዌ! የጥናት ጥግሽ ለመጨረሻው ዙር ከተመረጡት ሦስቱ አንዱ ሆኗል። ነገ ቅዳሜ ጠዋት ቤታችሁ መጥተን በቪዲዮ እንቀርጸዋለን። ያሸነፈው ክፍላችንን ወክሎ ለከተማው ውድድር ይቀርባል።»

ኩዌ በዕድሜዋ ለምንም ነገር ተመርጣ አታውቅም። ለዘፈንም፣ ለሩጫም፣ ሰንደቅ ዓላማ ለመስቀልም። ደስታው መጣ፤ ግን አልቆየም። ማንም አይተኛበትም ያለችው አልጋ የአያቷ አልጋ ነው።

ነገሩ የጀመረው ውድድሩ ሲታወጅ ነው። «ምርጥ የጥናት ጥግ» ተብሎ ተለጠፈ። የነኩዌ ቤት ደግሞ ከመንገዱ በር እስከ ጓዳ ድረስ አንድ ረጅም ጠባብ ክፍል ናት። ኩዌ የምታጠናው በእራት ሰዓት በምትታጠፍ ትንሽ ገበታ ላይ ነበር፤ ደብተሯ ሁልጊዜ የዓሣ መረቅ ይሸታል። እና ማታ ማታ በስልኳ የሰዎችን ጠረጴዛ ስታይ ታመሽ ነበር። አንዷ ልጅ የመብራቷን ሽቦ ሳይቀር ከጠረጴዛው ሥር በፕላስተር ደብቃዋለች። «ጠረጴዛህ ሲጠራ ሐሳብህም ይጠራል» ይላል ሌላው። ኩዌ እውነት መሰላት፤ እውነትም ሳይሆን አይቀርም።

እናቷ ከጫማ ፋብሪካው የሥራ ባልደረባዋ አሮጌ ጠረጴዛ አመጣችላት። ኩዌ አጠበችው፣ ነጭ ወረቀት አለበሰችው። ቦታው ነው የጠፋው። ብርሃን ያለው በአንዱ መስኮት ሥር ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ የአያቷ አልጋ ራስጌውን መስኮቱ ሥር አድርጎ የክፍሉን ወርድ አጋድሞ ይዞታል። ቤት የመጣ ሰው ሁሉ ዞሮት ነው የሚያልፈው። አያቷ ሰፈር ውስጥ ሰንጠረዥ ሊጫወቱ የወጡ ቀን ኩዌና ንጋ አልጋውን ጎትተው ከወዲያኛው ግድግዳ ጋር አስጠጉት። ቤቱ በአንዴ ሰፋ።

«ኩዌ፣ ግርጌው እኮ ወደ በር ሆነ» አለች ንጋ እጇን አራግፋ።

«ለፎቶ ብቻ ነው። ነገ እመልሰዋለሁ።»

ነገ መጣ። መብራቱ ጥጓ ላይ ሲበራ፣ እርሳሶቹ ቀጥ ብለው ሲቆሙ፣ ኩዌ እዚያ ተቀምጣ ሒሳቧን ያለ አንድ ስርዝ ሠራች። መመለሱን ነገ ዛሬ ስትል ሰነበተች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ አልጋውን ላለማየት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር የምትቀመጠው።

አያቷ የዚያን ቀን ከጨዋታ ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ «እሰይ! እንዴት ያምራል የኔ ልጅ!» ብለው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ደባበሱት። እናቷ ከፋብሪካ ገብታ «ምነው አባባ፣ አልጋውን ማነው እንዲህ ያዞረው?» ብላ ስትደነግጥም እሳቸው ናቸው የመለሱት። «እኔ ነኝ። ሞቀኝ፤ ከበሩ ነፋስ ላግኝ ብዬ ነው።» ኩዌ አጠገባቸው ሩዟን ትበላ ነበር። ቀና አላለችም።

ይህ ሁሉ ዛሬ እዚያ ደረጃ ላይ አንድ በአንድ መጣባት። ልጆቹ ሲስቁባት ፊቷ የጋለው ባክ ያልሆነውን ስለጻፈ ቢሆን ኖሮ በቀለላት።

አርብ ከሰዓት በፊት ብቻ ነው የሚማሩት። ከተማው በሙሉ ከምሳ በኋላ ሸለብ በሚያደርግበት ሰዓት፣ ሱቁም ሰዉም ጸጥ ባለበት፣ ቤት ደረሰች። ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ ስትገባ አያቷን አየቻቸው፤ አየቻቸውና ክው አለች።

አያቷ አልጋቸው ላይ ተኝተዋል፤ ግን ቁጭ እንዳሉ ነው። ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው ሰብስበው፣ በሁለት እጃቸው አቅፈውታል። አንገታቸው ወደ ጎን ወድቋል። በጸደይ ወራት ሆስፒታል ተኝተው ከወጡ ወዲህ ሰውነታቸው አንሷል፤ አሁን ደግሞ ዝናብ የያዘው ሰው ይመስላሉ። ኩዌ ከዚህ በፊት እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም። ሌሊት ከእናቷ ጋር ጓዳ ትተኛለች፤ ስታጠናም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ስትቀመጥ ከየት ታያለች!

«አባባ።»

«አሃ፣ መጣሽ?» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ሩዝ አለልሽ፣ ክዳኑን አንሺው።»

«ለምን ጋደም ብለው አይተኙም?»

«ለሽማግሌ ቁጭ ብሎ መተኛት ደግ ነው። ሳል ይቀንሳል።»

«እውነቱን ይንገሩኝ እንጂ።»

አያቷ ዓይናቸውን ገለጡ፤ በአገጫቸው ወደ በሩ ጠቆሙ። «ወዲያ እግሬን ብዘረጋ ጎረቤት ለቅሶ ይገባል።» ከዚያ የሟች ሴት አያቷ ፎቶ ወደተቀመጠበት፣ ዕጣኑና ፍሬው ወደተሰናዳበት ወደ ኋላኛው መሠዊያ ዞሩ። «ወዲህ ብዘረጋ ደግሞ እግሬ ከፊቷ ነው። እሷን ታውቂያታለሽ። በቁሟም እግር ሲዘረጋባት አትወድም ነበር፤ አሁንማ መጥታ አውራ ጣቴን ትጎትተኛለች።» ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ።

ኩዌ ልትስቅ ሞከረች፤ አልመጣላትም። «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚተኙት?»

«ከዞረ ጀምሮ ነዋ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

አያቷ ጉልበታቸውን አሹ። «የማታውቂው ነገር ቢሆን እነግርሽ ነበር» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። «ለንጋ ‹ነገ እመልሰዋለሁ› ስትያት በር ላይ ሆኜ ሰማሁ። እሺ፣ ነገ ይሆናላ አልኩ። ከዚያ ደግሞ፣ እሺ፣ ነገ።»

ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ኩዌ የምትገባበት አጣች፤ እጇንም እግሯንም የት እንደምታደርገው ጠፋት። እሳቸው ተጣጥፈው ሲያነጉ እሷ መብራቷን አብርታ እርሳስ ስትደረድር ነበር። ያንን አልጋ ነው «ማንም አይተኛበትም» ብላ ለሠላሳ ልጅ የጻፈችው።

«ነገ መምህሬ ይመጣሉ» አለች በመጨረሻ፤ ለምን እንዳለችው እሷም አላወቀችም። «ጥጉ ተመርጧል። ሊቀርጹት ነው።»

የአያቷ ፊት በራ። «እውነት? ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? እስከ ነገ ምን አላት! ይምጡ፣ ይዩልሽ። እኔም ጠዋት ወጣ እላለሁ፤ ሰንጠረዥ የሚጠብቀኝ ሞልቷል። አንድ ሌሊት እኮ ናት።»

አንድ ሌሊት። ኩዌ ውስጥ አንድ ነገር ቶሎ ብሎ «እሺ» አለ። ቪዲዮው ከተቀረጸ በኋላ ትመልሰዋለች፤ እሳቸውም ፈቅደዋል፤ ማንም አይጎዳም። ለካ «እሺ» ለማለት አፏን ከፍታ ኖሯል። ከሁሉ የባሰ ያሳፈራት ይሄ ነው፤ እንዲህ አይታቸውም አንድ ሌሊት ልትጨምርባቸው መፈለጓ።

አፏን ዘጋች። ወደ ጠረጴዛው ሄዳ የመብራቱን ሶኬት ነቀለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉ አያቷ።

«ይነሱ አባባ። አንዱን ጫፍ ይያዙልኝ።»

«ኧረ ተይ፣ ነገ እኮ…»

«ነገ አይበሉኝ በናትዎ።»

ጠረጴዛው ጓዳ ከሩዝ ጆንያው ጎን ተወሸቀ፤ አንዱ መሳቢያ ግድግዳው እየያዘው አልከፈት አለ። አልጋው እየተንቋቋ ወደ መስኮቱ ተመለሰ። አያቷ ከመኝታው ዳር ተቀመጡ፣ ነጠላ ጫማቸውን ጣሉ፣ ቀስ ብለው ጋደም አሉና እግራቸውን እስከ መጨረሻው ዘረጉ። ጉልበታቸው ቀጭ ሲል ተሰማ። «ኡፋ» አሉ።

ማታ እናቷ ገብታ በሩ ላይ ቆመች። «ደግሞ ማነው የመለሰው?»

«ነፋሱ በዛብኝና…» ብለው አያቷ ጀመሩ።

«እኔ ነኝ» አለች ኩዌ። «መጀመሪያም ያዞርኩት እኔ ነኝ። አባባ የዋሹት ለእኔ ብለው ነው።»

እናቷ አየቻት። ኩዌ አሁን ትጮህብኛለች ብላ ትከሻዋን ሰበሰበች። እናቷ ግን ቦርሳዋን ሰቅላ «እጅሽን ታጠቢና ገበታውን ዘርጊ» አለቻት።

ኩዌ ለመምህርቷ መልእክት ጀምራ ሰረዘች፤ ጀምራ ሰረዘች። ድፍረት አጣች። «አሞኛል» ብላም ሞከረች፤ ያንንም ሰረዘችው።

ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ኩዌ ሄዳ ከፈተችው። መምህርት ሎዋን ቆመዋል፤ አጠገባቸው ስልኩን አንስቶ ሊቀርጽ የተሰናዳው ራሱ ባክ ነው። ከሰው ሁሉ እሱ!

«ደህና አደርሽ ኩዌ!» አሉ መምህርቷ በደስታ ድምፅ። «እስቲ ዝነኛውን ጥግ አሳዪን!»

ባክ ከትከሻዋ በላይ ወደ ውስጥ አሻግሮ ተመለከተ። ጠረጴዛ የለም፣ መብራት የለም፣ ተክል የለም። መስኮቱ ሥር የእንጨት አልጋ ብቻ አለ። «እንዴ! ይሄ ያ ባዶው አልጋ አይደል?» አለ። «ጥጉስ?»

የኩዌ ጆሮ ሳይቀር ጋለ። ዓይኗ ወደ መሬት ሊያመልጣት ሲል ያዘችው። አንድ እጇን በሩ ላይ አድርጋ ክፍተቱን ጠበብ አደረገችው።

«መምህር፣ ይቅርታ፣ ትንሽ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉልኝ» አለች። «ባዶ አይደለም፤ ዋሽቼ ነው። አያቴ ተኝተዋል።»